ሰማዩ የቀላበት ሠርግ

ሉባባ እንድሪስ የታናሽ እህቷን ሠርግ በገዛ እጇ እንዳበላሸች ደሴ ውስጥ ያልሰማ የለም። ከተማው ያልተስማማው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ሆን ብላ ነው ወይስ ሥራዋ ሆኖባት?

ሥራዋ ሰማይ መተንበይ ነው። ዝናብና ደመናውን ሌሎች ይተነብያሉ። የእሷ ድርሻ ከደመናው በላይ፣ ከአየሩም በላይ ያለው አዮኖስፌር የሚሉት ንብርብር ነው። የጦሳ ተራራ ትከሻ ላይ ባለው የክትትል ጣቢያ ውስጥ ተቀምጣ ያ ንብርብር ማታ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ትገምታለች።

በዚያን ዘመን መሪ ያለው መኪና የሚታየው ሙዚየም ውስጥ ነበር። መኪና ሲሄድ የት እንዳለ ሳተላይት ይጠይቃል፤ ሳተላይቱም ይነግረዋል። መልሱ ግን ያንን ንብርብር አቋርጦ መምጣት አለበት። ንብርብሩ ቀን ቀን ጨዋ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት፣ ከሥሩ እንደ ገንፎ መንተክተክ ይጀምርና አረፋ ያወጣል። አረፋው የተነሣ እንደሆነ መልሱ ተንገዳግዶ ይደርሳል፤ መኪናውም ከመንገዱ ሠላሳና አርባ ሜትር ወዲያ ያለ ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ደሴ ላይ ግን ሠላሳ ሜትር ወዲያ ያለው ወይ የሰው ጣሪያ ነው፣ ወይ ገደል።

ስለዚህ በየቀኑ ከቀትር ዜና በኋላ የምሽቱ ቀለም ይነገራል። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነ መኪኖች ይንቀረፈፋሉ፤ ዳቦ የሚያደርሱት ድሮኖችም ዳቦውን ጎረቤት ቤት ይጥላሉ። በቢጫ ምሽት ሰው ሳህን ይዞ አጥር ለአጥር ይዞራል። «የኛ ዳቦ እናንተ ጋ ወርዷል?» «ወርዷል፣ ግን ልጆቹ ጀምረውታል።» ተጣልተው የነበሩ ጎረቤታሞች በዚህ ሰበብ ታርቀዋል፤ ተፋቅረው የኖሩም ተጣልተዋል። ቀይ ከሆነ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማንኛውም መኪና ያለበት ቦታ ጥግ ይዞ ይቆማል። እስኪነጋም አይነቃነቅም።

የሉባባ አክስት እትዬ ሀዋ ይህን ሁሉ ከስንት ዓመት በኋላም አልተቀበሉትም። «ዛሬ ማታ አረፋ አለ» በተባለ ቁጥር «የምን አረፋ? በጉ መች ተገዛና!» ይላሉ።

እህቷ ነጃት የምታገባው የኮምቦልቻውን የከብት ሐኪም ቶፊቅን ነበር። የኮምቦልቻ ቀን ከበረታው ሙቀት የተነሣ ሠርግ አይደገስበትም፤ ሁሉም የሚዳረው ምሽት ላይ ነው። የኮምቦልቻው አዳራሽም የተገኘው በስንት ልመና ነው። ሙሽራው በሃያ ምናምን መኪና አጀብ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ኒካሁ በሙሽራዋ አባት በሐጂ እንድሪስ ቤት ይታሠራል፤ ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሽራዋን ይዞ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ዕቅዱ ይህ ነበር።

በሠርጉ ቀን ጠዋት ሉባባ ጣቢያው ገብታ ኮምፒውተሩ ላይ የትንበያ ሞዴሉን ከፈተች። ሞዴሉ ሌሊቱን ሙሉ ከአገሩ መቀበያዎች ሁሉ የሰበሰበውን አብሰልስሎ ማታ አረፋ የመነሣቱን ዕድል በአንድ ቁጥር አውጥቷል፤ ስልሳ ከመቶ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሃምሳ ከደረሰ ቀይ ነው። ነገር ግን ደንቡ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አለች። ተረኛው ባለሙያ «በአካባቢ ዕውቀቱ» ቁጥሩን እስከ አሥራ አምስት ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል። ስልሳ ላይ አሥራ አምስት ሲቀነስ ቢጫ ነው። ቢጫ ከሆነ ደግሞ ሠርጉ ሠርግ ነው።

አለቃዋ ጋ ደወለች። አለቃዋ «ውሳኔው የተረኛው ነው» ብሎ፣ ሳትጠይቀው ስብሰባ ላይ መሆኑንም ጨምሮ ነግሯት ስልኩን ዘጋ።

የቁጥሩ ወሬ እንዴት እንደወጣ ማንም አያውቅም፤ ግን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ናቸው፤ የሰፈሩ ኢማም ሸህ ሙሐመድኑርና ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ጥጋቡ። ሉባባ በመስኮት ብትመለከት አባቷ ሐጂ እንድሪስ ግቢው ውስጥ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የጦሳን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሰው አንጋጠው ያዩታል።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶቼ» አለች።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ አቶ ጥጋቡ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለነበር ይህ አንድ ችግር አቃለለ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ሸህ ሙሐመድኑር፣ «የሰማዩ ባለቤት አላህ ነው። እሱ ላይ ያለን ነገር የለም። የመጣነው ስለ ቀለሙ ነው።»

«ቀለሙን እኔ አላወጣውም፣ አባቴ። ከላይ ያለው ነገር ነው የሚያወጣው።»

«ከላይ ያለውን ሽማግሌ አይልኩበትም» አሉ አቶ ጥጋቡ፤ «አንቺ ግን ወዲህ ነሽ። እስቲ አስረጂኝ፤ ስልሳ ከመቶ ይመጣል ማለት፣ አርባ ከመቶ አይመጣም ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«እኔ በችሎት ዘመኔ ከዚያ ባነሰ ጥርጣሬ ስንት ሰው በነፃ አሰናብቻለሁ።»

ሉባባ ስለ ባለፈው ዓመት ነገር ነገረቻቸው። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ተረኛ ጓደኛው ለጉዞ ቸኩሎበት ቁጥሩን ዝቅ አደረገ። አንድ አውቶቡስ አረፋው ደርሶበት መታጠፊያውን ስቶ የፊት ጎማዎቹ ከገደል አፋፍ ወጡ። ማንም አልሞተም። ተሳፋሪዎቹ ግን የኋላው እንዲከብድ የኋላ ወንበር ላይ ተደራርበው፣ ሳያስነጥሱ አደሩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሸህ ሙሐመድኑር አንድ ጊዜ አሳላቸውና፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉ ይመስል አፋቸውን ያዙ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ያልሽው ይሁን። ለአባትሽ ግን አንቺ ንገሪ።»

ሉባባ ለአባቷ አልነገረችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። አባቷ መኪናው ውስጥ ካለው ራዲዮ ሰሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ማታ መንገድ ሊወጣ ያሰበ ሁሉ አሁኑኑ ልውጣ አለ። የቶፊቅ አጀብም ገና ሚዜዎቹ ክራቫት ሳያስሩ ከኮምቦልቻ ተነሣ፤ የሌላውም ሰው መኪና ተነሣ። ዳገቱ ላይ መኪኖች እንደ መቁጠሪያ ተደረደሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አጀቡ ገና ዳገቱ መሃል ነበር። ሃያ ምናምኑ መኪኖች፣ ሪባናቸውና አበባቸው እንዳለ፣ በትሕትና አንድ ባንድ ጥግ ያዙ። «የዛሬው ጉዞ እዚህ ላይ ይቆማል። መልካም ምሽት» ብለው በሮቻቸውን ከፈቱ።

ደሴ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ጠለቀች፤ ምንም አልሆነም።

ሉባባ ተራዋን ጨርሳ በእግሯ ቤት ስትደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። እንግዳው ሁሉ ስልኩን ይዞ የራሱን ቦታ ያያል። «እኔ እዚህ ነኝ፤ ስልኬም እዚህ ነህ ይለኛል» አለ አንድ አጎት፣ ማንንም ሳያይ ግን ለማን እንደሚናገር እያወቀ። እትዬ ሀዋ ወጣ ብለው አንጋጠው ተመለሱ። «ከኔ ይልቅ እሱ ጤና ነው» አሉ። ሐጂ እንድሪስ ለልጃቸው ሰላምታ ሰጧት፤ ከሰላምታው በኋላ ግን ምንም አልጨመሩም። ሉባባን ያስቀመጧት ጫማ ከሚወለቅበት በር አጠገብ ነው።

ነጃት ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ስልሳ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ ናጂ።»

«አርባው ለእህት አይሆንም ነበር?»

«አንቺ መኪናው ውስጥ ትሆኛለሽ ብዬ ነው» አለች ሉባባ። «አባባም፣ እትዬ ሀዋም። ያ ቁልቁለት ላይ። ቁጥሩን መቀነስ እችል ነበር። ገደሉን ግን መቀነስ አልችልም።»

ነጃት ኩሏ እንዳይፈስ ወደ ላይ ቀና ብላ እንባዋን መለሰችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ቶፊቅ ጋ ደወለች። ድንኳኑ ጆሮውን አቀና።

«የት ነህ?»

«ለቅሶ ቤት» አለ ቶፊቅ።

«ማን ሞተ?»

«አላውቅም። ግን ብሉ ብለውናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶፊቅና ሚዜዎቹ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው ሲወጡ ጉም ወረደባቸው። አንደኛው ሚዜ ኑርዬ አቋራጭ አውቃለሁ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያንን መንገድ የሄደው መኪና ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ግን በጣም እርግጠኛ ሆኖ ስለተናገረ ተከተሉት። ድንኳንና መብራት ሲያዩ ደረስን ብለው ድቤያቸውን እየደለቁ፣ እየዘፈኑ ገቡ። ውስጥ ያለው ሰው ያለቅሳል። ሙሽራ ስትወጣ ዘመድ ማልቀሱ ያለ ነው ብለው ይበልጥ ደመቁ። ኑርዬም አንዲት የሚያለቅሱ ሴትዮ ፊት ቆሞ ትከሻውን መታ መታ አደረገ። ነገሩ የገባቸው ሴትዮዋ ቀና ብለው «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት ነው። ለቀስተኞቹ ግን ደግ ሰዎች ነበሩ። ሟቿ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ናቸው፤ ሠርግ ወዳድ ነበሩ ተባለ። ንፍሮ አቀረቡላቸው፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲመጡ አደራ አሏቸው።

«እዚያው ቆይ» አለችው ነጃት። «አይ፣ አትቆይ። ዋናውን መንገድ ይዘህ ውጣ። እኔ እወርዳለሁ።»

«ሙሽራ በእግሯ ወደ ሙሽራው ስትሄድ የት ታይቷል?» አሉ ሐጂ እንድሪስ።

«መሪ የሌለው መኪናስ የት ታይቶ ነበር?» አሉና እትዬ ሀዋ ነጠላቸውን አጣፉ።

ሴቶቹ ነጃትን መሃል አድርገው ወጡ። ሉባባም ማንም ነይ ሳይላት ከኋላ ተከተለች። አስፋልቱ ጭር ብሏል፤ ጥግ ጥጉን መኪኖች እንደተኙ ከብቶች ቆመዋል። መንገዱን የሚያውቅ ስለሌለ ስልክ ይመራቸዋል። «መቶ ሜትር ቀጥታ። ወደ ግራ ታጠፉ።» ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉሙ ከበባቸው። ነጃት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች።

ያን ጊዜ ስልኩ «አሁን ወደ ቀኝ ታጠፉ» አለ።

በቀኝ በኩል መንገድ የለም። የፊተኛዋ ሴት መብራቷን ወደዚያ ብታደርግ ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ወዲያ ጉም ብቻ ነው።

«ወደ ቀኝ ታጠፉ» አለ ስልኩ ደግሞ። ሌላኛዋ ስልኳን አወጣች፤ የእሷ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ እንደቆመች ይነግራታል። የሦስተኛዋ ከኋላቸው ካለው ጣሪያ ላይ አወጣት። ነጃት ቶፊቅ ጋ ደወለች፤ መስመሩ ተንኮሻኩሾ ጠፋ።

ሁሉም ዘወር ብለው ሉባባን አዩ። ሉባባ ደረቷ ውስጥ ከቀትር ጀምሮ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ወረደላት፤ ወዲያውም ፍርሃት ተካው። ሃያ ምናምን መኪና በዚህ ሰዓት እዚህ መታጠፊያ ላይ ሲታያት የመንገዱን አጥር ያዘች።

«ይሄ ነው?» አሉ እትዬ ሀዋ በሹክሹክታ።

«ይሄ ነው።»

እትዬ ሀዋ ጥቂት አሰቡ። «አንቺ ባትጠሪው ኖሮ ይመጣ ነበር?» አሉ። ከሴቶቹም ብዙዎቹ ጥያቄው ተገቢ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መሄድም መቆምም ጨነቀ። ያን ጊዜ ነጃት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል ያልተለመደ ስለሆነ ሴቶቹ ደነገጡ፤ ከዚያ ገባቸውና ሁሉም አቀለጡት። ጸጥ ብለው አደመጡ። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ በጣም ርቆ የድቤ ድምፅ መጣ።

«ድገሙት!»

እልልታው ወረደ፤ ድቤው ወጣ። ሴቶቹ የአጥሩን ብረት በእጃቸው እየዳበሱ፣ እልል እያሉ፣ እያደመጡ ወረዱ። ድቤው አንዴ ቀርቦ አንዴ ራቀ። ኑርዬ ሌላ አቋራጭ ሊያሳይ ሞክሮ እንደተከለከለ በኋላ ተሰማ። አንድ ሰፊ መታጠፊያ ላይ፣ አንዲት ዋርካ ሥር፣ ጉሙ ውስጥ ነጭና ጥቁር ነገር ተጋጨ። ቶፊቅ ነበር። ሱፉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ኪሱ ንፍሮ ሞልቷል።

«መጣሽ?» አለ።

«ስልኬ አንተ ሸለቆ ውስጥ ነህ ይላል» አለችው።

«ነበርኩ» አለ ቶፊቅ።

ሽቅብ አብረው ወጡ። ኒካሁ ታሠረ፤ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው ስለ ወጥ አያማርርም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በአማቱ ቤት ድንኳን አደረ። ይህ በደሴ ታይቶ የማያውቅ ነገር ስለሆነ ሐጂ እንድሪስ ለጎረቤት እንዴት እንደሚያስረዱ አስበው ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከመተኛታቸው በፊት ግን ሉባባን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ያ አውቶቡስ» አሉ፣ «የኋላ ወንበሩ ላይ ስንት ሆነው ነው ያደሩት?» እስክትመልስ አልጠበቁም። ትከሻዋን ያዝ አድርገው ለቀቋት።

ሲነጋ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ።

ቤቱ ገና አልነቃም፤ ድንኳን ውስጥ ያሉትም ክራቫታቸውን ተንተርሰው ያንኮራፋሉ። መኪኖቹ ግን የሠርጉን የኪራይ ውል አልረሱም። ዳገቱ ላይ ያደሩት ሃያ ምናምን መኪኖች ከተኙበት ተነሥተው፣ ባዷቸውን፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሐጂ እንድሪስ በር ላይ ተሰለፉ። በሮቻቸውን ከፈቱ። ቀድመው የነቁት እትዬ ሀዋ የሙሽራዋን ሻንጣ ወደ ፊተኛው መኪና ወስደው አስገቡ፤ ወገባቸው ስላመማቸውም ለአንድ አፍታ አረፍ ልበል ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ምቹ ነበር።

የውሉ የመጠበቂያ ጊዜ አለቀ። በሮቹ ተዘጉ።

ሉባባ በጥሩምባው ድምፅ ደንግጣ በር ላይ ስትደርስ የመጨረሻዋ መኪና ሪባኗን እያወዛወዘች ታጠፈች። ነጃትና ቶፊቅ ዓይናቸውን እያሹ ከኋላዋ ወጡ። የሦስቱም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! የሙሽሮቹ ጉዞ ተጀምሯል።»

ቶፊቅ መኪኖቹን ለማስቆም ሞከረ፤ ሠርጉ ስላልተሰረዘ ጉዞውን መሰረዝ አይቻልም አሉት። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ሀዋ ደወሉ። ከጀርባቸው ጭብጨባና ዘፈን ይሰማል።

«ልጄ፣ አዳራሹ በር ላይ ነኝ። መኪና ቆሞባቸው እዚሁ ያደሩት እንግዶች እልል እያሉልኝ ነው። የመኪናዋን መስታወት ያንኳኳሉ። ምን ልበላቸው?»

ነጃት ሳቋን መያዝ አቃታት። «መጣን በያቸው፣ እትዬ። ብቻ ቀስ ብለን ነው በያቸው።»

ስልኩን ዘግታ የግቢው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ መኪና የሚገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰማዩን ማን ያውቃል? ሉባባን ቀና ብላ አየቻት። ሉባባ እጇን አነሣች፤ «ዛሬ ተረኛ አይደለሁም» አለች።

ነጃት የትናንቱን ጫማዋን አየችው፤ ከዚያ የእህቷን ሸራ ጫማ አየችው። ሉባባ ሳትጠየቅ አውልቃ ሰጠቻት።

«እስከዚያች ዋርካ ድረስ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ» አለች ነጃት ማሰሪያውን እያጠበቀች።

«ከዋርካዋ እስከ ለቅሶ ቤቱ እኔ አውቀዋለሁ» አለ ቶፊቅ።

«ከዚያ በታችስ?»

ቶፊቅ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ንፍሮ አውጥቶ ግማሹን ሰጣት።

«ከዚያ በታች ሰው እንጠይቃለና!»